በመቱ ስለጠፉት ወፍራም ልጆች ለጓድ ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ገብረ መድኅን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
መቱ

ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የማይደክም፣ ቀበቶዎም በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ የሚለቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከባድ የሐዘን ዜና ላሰማዎ ተገድጃለሁ፤ በመቱ ከተማ ወፍራም ልጅ የሚባል ዘር ጠፍቷል።

እንደሚያስታውሱት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት የጤና አጥኚዎች አንዳንድ ልጅ ለምን ከልክ በላይ እንደሚወፍር ሊያጠኑ፣ ከኦሮሞውም ከጉራጌውም ከአማራውም ቤት ፈቃደኛ እናቶችን ፈልጉልን ብለው አደራውን ለእርስዎ ሰጡ። «ፈቃደኛ» ማለታቸውን እኔ የሰማሁት ውጭ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነውና፣ ውስጥ የነበሩት እርስዎ ባይሰሙት አልፈርድብዎትም። ምስጋናዬን ስድስተኛ ክፍል ጥዬው እንደወጣሁት ሒሳብ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ወፍራም ልጅ ይዛ ያልቀረበች እናት ወዮላት እያሉ፣ በኦሮምኛም «ኢጆሌ ፉርዳ» እያሉ ከገበያው እስከ ሶር ወንዝ ስላስለፈፉ አመሰግናለሁ። ልጅን በአደባባይ ወፍራም ማለት ቡዳን በስሙ መጋበዝ መሆኑን እናትዎ ሳይነግሩዎት አልቀሩም። እትዬ ጥሩአየሁ ወዲያው የልጃቸውን ግንባር ጥላሸት ቀቡ፤ ነጋዴው ጋሼ ሙሐዲን ልጆቻቸውን በቡና መኪና ወደ ቡሬ ሰደዱ፤ እነ ኩመራም ወፍራሞቹ ለዘመቻ ሊወሰዱ ነው ሲባል ሰምተው የነሱን ልጅ ያዮ ጫካ፣ ማር ቆራጭ አጎቱ ዘንድ ሸሸጉት።

ሁለተኛ፦ የቀረበችው እናቴ ዘቢደር ብቻ ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው። ጉንጩ የተነፋውን ታናሽ ወንድሜን ወልደ የሱስን አዝላ መጣች። እርስዎም አጥኚዎቹ ልጁን ሳያዩት እናቴን በስብሰባ ላይ አቁመው፣ ሕዝቡ ስኳር በራሽን ሲልስ የዚህች ሴት ልጅ የሚወፍረው ስኳር ብትደብቅ ነው ብለው ራሽኗን አገዱ። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሾፌር ካወቁ ይላኩልን።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ አጥኚው የወንድሜን እግር በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ሁሉ ሳይሞላ ቀረ። «እናቴ፣ ይህ ውፍረት አይደለም፣ የምግብ እጥረት ነው ያሳበጠው። ቆጮ ብቻውን አይበቃውም፤ ወተትና እንቁላል ይስጡት» አላት። እርስዎ ያን ጊዜ ጣራውን ይመረምሩ ነበር፤ ስለ ጣራው ደኅንነት እናመሰግናለን። ወተት የምትገዛው ከሻይዋ ነበር።

ይኸው ሳምንት አለፈ፤ እብጠቱ ከእግሩ ወደ ዓይኑ ወጥቷል። ራሽኗን እንዲመልሱላት በትሕትና እለምናለሁ።

ለነገሩ ጉዳዩ ያን ያህል አይደለም። አንድ ከረጢት ስኳርና አንድ ያበጠ ልጅ ነው፤ ከአብዮቱ አጠገብ ቢመዘን ሚዛኑ አይነቃነቅም።

ድምፅ ማጉያዎ ሲጮህ ከሁሉ ቀድሞ የሚደነግጠው፣ ይህንንም በቀበሌው ሱቅ በር ላይ በገንፎ የለጠፈው ታዛዥዎ፣
ዘርጋ ሸዋ

ማሳሰቢያ፦ ጥሪው ከመለፈፉ በፊት በነበረው ምሽት በቀበሌው ላንድሮቨር ጎሬ አያቱ ዘንድ የተላከው ልጅዎ ምንዳዬ፣ ከነስኳር ኬሻው በሰላም ገብቷል። ኬሻውን የጫንኩት እኔ ነኝ። አጥኚዎቹ እስከ ዛሬ አንድ እውነተኛ ወፍራም ልጅ አጥተው ሲያዝኑ ሳይ አንጀቴ አልችል ብሎ የጎሬን መንገድ አሳይቻቸዋለሁ።