ባትሪዋን የሚበላት

ይድረስ ጅዳ ላለኸው ወንድሜ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀትስ አልጎዳህም? እኛ ኡምዱርማን ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነችው የአባታችን ታክሲ ናት።

ጠዋት እንደ ልጃገረድ ትነሳለች። አባታችን የቀትር እንቅልፋቸውን ተኝተው ለማታ ሥራ ሲወጡ ግን ማስነሻ ሞተሪኖዋ ጭጭ። በየቀኑ ሰፈሩ ሁሉ ይገፋታል። እንጀራችን እሷ መሆኗን ታውቃለህ።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ሰው ቶሎ አላምንም። ኤሌክትሪሺያኑን ኡስታ በሽሪን ጠረጠርኩት። ዲናሞዋን ላድስ ብሎ ወስዶ፣ ደህናውን ለሌላ ሰጥቶ የሞተ የገጠመልን መሰለኝ። ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኩት። «አንቺን ደግሞ ማን ፖሊስ አድርጎ ሾመሽ?» አለኝ። ተናዶ ከነመሣሪያው ቤታችን ድረስ መጣ። ሞተሩን አስነስቶ ለካ፤ ዲናሞው ደህና ይሞላል፣ ቺንጊያውም አልላላም። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለና መሃሉ ላይ አምፖል አገናኘ። አምፖሉ አልበራም።

«ይኸው፣ የሚያፈስ ሽቦ የለም። ቆማ ሳለች የሚበላት ከቤታችሁ ነው» አለኝ። «ለማንኛውም የካሴት ቴፑን ፈትቼ ልየው» ሲል ግን አባታችን ከኋላ ጮኹ፤ «ቴፑን የነካ እጁን አያገኛትም!»

ይሄኔ ጥርጣሬዬ ወደ እሳቸው ዞረ። እናታችን ለካ ቀድማኛለች። ሁላችንም ጋደም ስንል ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሹልክ እንደሚሉ ነገረችኝ። «ጣውንት ሊያመጡብኝ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ!» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ ተቃጠልኩ።

በማግስቱ የተኛሁ መስዬ ተከተልኳቸው። የትም አልሄዱም። ከበራችን ውጪ ኒም ዛፉ ሥር፣ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግተው ታክሲዋ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ የቴፑ መብራት ግን በርቷል። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያችን፣ ወሬ ከመጀመርህ በፊት የምትጠርጋትን! ለረመዳን የላክህልንን ካሴት «ናይል ውስጥ ጣልኩት» ነበር ያሉን።

የአጎታችንን ልጅ አላገባም ብለህ የወጣህ ዕለት አባታችን የማሉትን አትረሳውም። «የዚህ ልጅ ድምፅ በቤቴ ከተሰማ እናቱ የተፈታች ትሁን!» እናታችን እንዳትፈታብን ፈርተን ካሴትህን ሳንሰማ ለእሳቸው አስረከብን፤ አንተም በዚያው ፈርተህ ቀረህ።

ታክሲ ግን ቤት አይደለችም።

ሮጬ ለእናታችን ነገርኳት። ተነሥታ መጀመሪያ፣ ድምፅህ ወደ ቤት እንዳይገባ፣ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ከዚያ ቶቧን ተከናንባ ወጣችና የታክሲዋን ሌላኛውን በር ከፍታ ገባች። አባታችን ትንሽ ጠጋ አሉላት።

ዛሬም ባትሪዋ ሞታለች። ኡስታ በሽሪ ከኋላ እየገፋ «በይ፣ አሁንም እኔን ጠርጥሪ!» ይለኛል። እኔም «አልተውህም» እለዋለሁ፤ እውነቱን ከእናታችን በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ወንድሜ፣ ካሴቱ ብዙ ከመዞሩ የተነሣ ድምፅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሌላ አትላክ፤ ና። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ባሕሩንም ያለዝብልህ። ብቻ በሩን ስታልፍ እንዳትናገር። ዝም ብለህ ገብተህ ራሳቸውን ሳም። ወሬውን ታክሲዋ ውስጥ ትነግራቸዋለህ።

ሰው የማታምነው እህትህ