በረዶ ሆኖ ወጥቶ ውሃ ሆኖ ስለተመለሰ ንብረት

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ዕረፍት ለማያውቀው ማኅተምዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሰላም ሲለኝም እመልሳለሁ ማለቴ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከተሰማኝ ሰንበትበት ብሏል። እስካለፈው ወር ድረስ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ፤ አሁን በእርስዎ መልካም ፈቃድ በዚያው ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የተቀደዱ መጻሕፍትን ካልተቀደዱት እለያለሁ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ስላላወቅሁ ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውም የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከግምጃ ቤት በወጣበት ሁኔታ ተመልሶ ይገባል የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ማስመሪያውና ሉሉ በዚህ መመሪያ እጅግ ተጠቅመዋል። እኔ ግን ትንንሽ ልጆችን ስለ ቁስ አካልና ስለ ለውጡ እንዳስተምር ተመድቤ ስለነበር፣ ከቤቴ በቴርሞስ በረዶ ይዤ መጣሁ። የበሩ ዘበኛ ያልተመዘገበ ዕቃ አይገባም ብሎ ወደ ግምጃ ቤት መራኝ፤ ንብረት ጠባቂው አዛውንትም ጠንቃቃ ሰው ናቸውና «በረዶ፣ ጠጣር፣ አንድ ፍሬ፣ ያልተሰበረ» ብለው መዝግበው አስፈረሙኝ። ከክፍል ስወጣ በረዶው የቀለጠበትን ኩባያ ብመልስላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ውስጡን አዩና «አይ የኔ ልጅ፣ እኔ ያስወጣሁት በረዶ ነው፤ ውሃ ተረክቤ ነገ ማን ይጠየቅልኛል?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ጡረታቸው ደርሷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ የቀለጠ በረዶ እንደሚያስከስስ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው ተሟልቶ እስኪመጣ ኩባያው ለማስረጃ በክፍላችን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ነበርና ውሃውም ጎድሎ ተገኘ። በዚህ ጊዜ የተከበሩት አባላት በረዶው እንዴት ውሃ ሆነ የሚለውን ትተው ግማሹን ውሃ ማን ወሰደው ወደሚል ሌላ ምርመራ ተሸጋገሩ፤ ጠጥቶት ይሆናል በሚል ምስኪኑን ዘበኛ ጠርተው መረመሩት። ተንኖ ወደ አየር ሄዷል ብዬ ባስረዳ፣ ሰብሳቢው ሲሄድ ያየ ምስክር እንዳቀርብ አዘዙኝ። በየቀኑ መስኮቱ ሥር ቆመው ሲጎድል ያዩ አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች አሉ ብል፣ ዕድሜያቸው ለምስክርነት አልደረሰም ተባልኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ማስረዳቴን ተውኩ።

ሦስተኛ፣ ከእኔና ከበረዶው ይልቅ ስለመረጡልን ባለ ሦስት ሥዕል ወረቀት አመሰግናለሁ። ጠጣር በሚለው ሥር ድንጋይ፣ ፈሳሽ በሚለው ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጋዝ በሚለው ሥር ደግሞ ባዶ ሳጥን ተስሎበታል። አይቀልጥም፣ አይተንም፣ እንደወጣ ይመለሳል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ጠጣር! ፈሳሽ! ጋዝ!» እያሉ ሲጮኹ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጋዝ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ አንድ ልጅ «ባዶ ሳጥን» ብሎ ሙሉ ነጥብ እንዳገኘ በእኔ ቦታ የተተካችው መምህርት አንገቷን ደፍታ ነግራኛለች። የምታሳድጋቸው ልጆች አሏትና እሷንም አልወቅስም።

አራተኛው ከክሱ ይልቅ ወሬ ይመስላል፤ ግን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው። በክፍሌ ውስጥ ጓደኞቿ ጭጬ የሚሏት ልጅ አለች። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ እናቷም ቤት ውስጥ እንዲሁ እንደሆነችና ልጇን ለማናገር ያላደረገችው ነገር እንደሌለ ነግራኝ ነበር። ያን ዕለት በረዶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጭጬ ጋ ደረሰና ቆመ። ጨብጣ አልለቅም አለች። በጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ ብዙ ከቆየ በኋላ ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ እጄ የለም» አለችኝ። እጇን በሁለት እጄ ይዤ አሞቅሁላትና መጣ ወይ ብላት «እየመጣ ነው» አለች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! በረዶው አሞት ነው ወይ የቀለጠው፣ ውሃው በረዶ እንደነበረ ያውቃል ወይ፣ ሲተንስ ማን ጋ ያድራል። ማታ እናቷ በር ላይ ጠብቃ አቅፋኝ አለቀሰች። ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ የእኔ የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ጭጬም በሥዕሉ ፊት ተቀምጣ እንደገና ጭጭ ብላለች። በዚህ መናደድ ነበረብኝ፤ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ክቡርነትዎ፣ ደንዝዣለሁ።

ስለዚህ ወደ ክፍሌ እንዲመልሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በረዶውን እንደወጣ ለመመለስ ግን ቃል መግባት አልችልም።

የጽሕፈት ቤትዎን ደጃፍ አቧራ ሳላስነሣ፣ በጥልቅ አክብሮትና በተገቢው ርቀት፣
የትናንትናዋ መምህርት፣ የዛሬዋ የተቀደዱ መጻሕፍት ለይ

ሳልረሳው፦ የልጆቹ የታረመ የፈተና ወረቀት እንዲቀመጥ ትናንት ወደ ግምጃ ቤታችን መጥቷል። ጽሕፈት ቤትዎ ካወጣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ወደ ነበረበት ሊመለስ የማይችል ነገር ጥቀስ» የሚል ሲሆን፣ ትክክለኛ መልሱ የተቃጠለ ወረቀት ነው። ጭጬ «ቲቸራችን» ብላ ጽፋ በቀይ ተሰርዞባታል። ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ መሳሳቷን ሊያሳያት የሚችል ሰው ከእርስዎ በቀር የለም።