አሮጌውን አሳየኝ

ለወንድሜ ለኪዳን፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የአሶሳ ሙቀት ዘንድሮም እንዳምናው ነው ወይስ ቀለል አለላችሁ? ገነትስ፣ ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ተሻላት? አምላኩስ ትምህርቱን ይዟል ወይስ እንደ አጎቱ ደብተሩን በዘይት እያጨማለቀ ነው? ወፍጮ ቤቱስ፣ መብራት እየጠፋ አያስቸግራችሁም? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ክረምቱ ወጥቶ የግቢው ጭቃ ደርቋል። ናፍቆትህ ብቻ እንደነበረ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ የመኪናውን ነገር ባነሳሁብህ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል ትለኛለህ፤ ስለ አምላኩ ስናወራ ግን ተቆራርጦ አያውቅም። ሌላው ምክንያት አብሮ የሚመጣው ካርቶን ነው። ከባድ መኪና ይዞ በየወሩ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ጎረቤታችን ወንድይፍራው በእጅህ ያስረክብሃል። ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።

ወሬው እንዲህ ነው። ፋሲካ አሁን ዓለም ባንክ አካባቢ ላሉ ሱቆች እንቁላል ታከፋፍላለች። እህታችን አንድ ነገር ከያዘች እንደማትለቅ ታውቃለህ። በየቀኑ ትሪ ተሸክሞ ሚኒባስ መጋፋት ሰለቻትና አባባን፣ ያ ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ከሚሆን ለኔ ይሠራልኝ አለቻቸው። አባባ ሁለት ሳምንት አሰቡበት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ መሪውን በደንብ እየው ብለውኝ ወጡ።

አንተና እሳቸው ከአስኮ ስትመለሱ ቦይ ውስጥ ከገባችሁበት ቀን ወዲህ ያንን መኪና የነካው ሰው አልነበረም፤ አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። በክሪክ አነሳሁት። እንደ ማንኛውም ደንበኛ መኪና አድርጌ ነው ያየሁት። የፊት ጎማዎቹን ተራ በተራ በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝኩ። የግራው ጤነኛ ነው። የቀኙ ግን እጄ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል መሪው ንቅንቅ አይልም። ይህ ሲሆን ጎማውን ከመሪው ዘንግ ጋር የምታያይዘው፣ ታይሮድ የምንላት ባለኳስ መገጣጠሚያ አልቃለች ማለት ነው። ላስቲኳ ተቀዷል፣ ግራሶው ደርቆ አፈር ሆኗል። ዛሬ የማውጫ መሣሪያው አለኝና ሁለት ሦስቴ ጠበቅ ሳደርገው ጧ ብላ ለቀቀች። ውስጧን ስከፍት ከኳሷ ጎን የተሸጎጠ ቆርቆሮ አገኘሁ። ግማሹ ተበልቷል፣ ግማሹ ወደ ጎን ተንሸራቷል። በቀረው ላይ ቀይ ቀለም ይታያል። የሳልሳ ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኪዳን።

ከአደጋው በፊት በነበረው ሰኔ ላይ አባባ መሪው ጨዋታ አበዛ ብለው ታይሮዷን እንድቀይር አዘዙኝ። ጋራዥ ከገባሁ ገና አምስት ወር አልሆነኝም፣ ቤት ውስጥ ግን መካኒኩ መባል ጀምሬ ነበር። አዲሷ ተገዝታ መጣች። አሮጌዋ ግን አልወጣም አለች። በዘይት ብል፣ በመዶሻ ብል፣ ወይ ፍንክች። ጋራዥ ተመልሶ አቃተኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ስለዚህ የታች ክዳኗን ፈልቅቄ ቆርቆሮ ሸጎጥኩባት፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ክዳኑን መልሼ ቀጠቀጥኩት። ጨዋታው ጠፋ። እንዲያውም ራሴን አደነቅኩ። ለአንድ ሳምንት ነው አልኩ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ አዲሷም ከነካርቶኗ አልጋዬ ስር ቀረች።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ የትኛውንም መካኒክ አሮጌውን አሳየኝ ሳይሉ አይሸኙም። እኔም ከጋራዡ ውዳቂ ክምር ውስጥ የምትመስላትን አንስቼ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አይተው ጎበዝ አሉኝ። እማዬ ነፋስ እንዳያነሳው ብላ የሳሎኑ መጋረጃ ጫፍ ላይ የምትጭናት ብረት እሷ ናት። አንተም ቤት እያለህ በየቀኑ ታያት ነበር።

ከዚያ ያ የመስከረም ቀን መጣ። ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ወደ ግራ አዞርክ፣ ጎማው ግን አልተከተለህም። የአባባ ጉልበት ተሰበረ። አንተ መሪው አልታዘዘኝም አልክ። እሳቸው በሰው ፊት፣ መሪውማ አዲስ እቃ ገብቶለታል፣ ያልታዘዘው ያንተ እጅ ነው አሉህ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ዞር ብለህ አየኸኝ። ዝም አልኩ።

ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። የሰው መኪና ስር ስገባ ስወጣ የምውል ሰውዬ፣ የአባቴ መኪና ስር ግን አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። አንተ ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካህም፤ ባጃጅ ላይ እንኳ ከሾፌሩ ጎን እንደማትቀመጥ ገነት ነግራናለች። ልጅ ነበርኩ እንዳልልህ፣ ለራሴ ደጋግሜ ስለነገርኩት እኔንም ሰልችቶኛል። አፍሬብሃለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።

በዚያው ቅዳሜ ምሳ ሳይቀርብ ያወጣኋትን ይዤ ወደ አባባ ገባሁ። አሮጌውን አሳየኝ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም። መዳፋቸው ላይ አኖርኩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ኳሷን በአውራ ጣታቸው ወዘወዟት። ከዚያ ተነስተው እያነከሱ ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ከመጋረጃው ጫፍ ያቺን ሌላዋን አነሱ፣ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አነጻጸሯቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ እኔም ያኔ መኪናው ስር ገብቼ ማየት ነበረብኝ ብቻ አሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ከነቆርቆሮዋ እሷው ናት። ያንተ ስለሆነች ነው የላክኩልህ።

የመኪናው ሥራ አሁን አልቋል። ታይሮዶቹን የሁለቱንም ጎን በአዲስ ቀየርኩ፣ የቀረውንም የመሪ እቃ አንድ በአንድ አየሁ፣ ሞተሩም ተነሳ። የፊት ጎማዎቹን በሲባጎና በሜትር አስተካክያቸዋለሁ፣ ግን ይህ ግምት ነው፤ አስፋልቱ ዳር ካለው ማሽን ቤት ሄዶ አላይመንት መሠራት አለበት።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ጋቢ አሠርታልሃለች፤ አሶሳ ላይ ጋቢ ምን ይሠራል ብላት ተቆጣችኝ። ባለቤቴ ሔለን ለገነት ሰላምታዋን ታቀርባለች። አምላኩን ሳምልኝ። ፋሲካ ደግሞ ቶሎ እንዲመጣ ንገረው፣ ሚኒባስ ውስጥ እንቁላሌ እየተሰባበረ አለቀ ብላለች፤ መኪናው ቆሞ ለምን ትሸከማለች ካልከኝ አባባ ቁልፉን ስለነሷት ነው። የእሳቸውን ሰላምታ እንዳሉት አድርጌ እጽፋለሁ፦ «ለኪዳን ጻፍለት። መኪናው ከግቢ የሚወጣው እሱ ሲመጣ ነው። አላይመንት የሚወስደው እሱ ነው። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ።»

ወንድምህ ማርቆስ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.