አባባ ሱቁን አልለቀቁም

ለምወድህ ወንድም ጋሼ ቡርሃን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ሪሐናስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም። አባባም ደህና ናቸው። ደህና ብቻ አይደሉም፤ አሸንፈዋል! ቁጭ ብለህ አንብብ።

አባባ ነጭ ጤፍ ለጠየቃቸው ሰው ሰርገኛ ያስጫኑ ጊዜ፣ አንተ ደውለህ ሱቁን ይልቀቁ፣ አገር ቤት ወራቤ ወስዳችሁ አሳርፏቸው አልክ። አልፈርድብህም። ሐኪሙ መርምሮ ዕድሜ ነው እንጂ በሽታ የለባቸውም ቢለንም እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ከእህል በረንዳ ካስወጣናቸው አይሰነብቱም እያልኩ ተደብቄ አለቅስ ነበር።

በዚህ መሀል ባቄላ የሸጠው አዩብና የገዛው ይሄይስ፣ ባቄላው ረጥቦ ተገኘ ብለው ተጣሉ። አባባ እንደ ድሮው ለሽምግልና ተጠሩ። የሽምግልናን ወግ ታውቀዋለህ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዛል። ሁለቱም ተናግረው ሲጨርሱ አባባ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ሰው መጠቃቀስ ጀመረ፤ እኔማ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ኋላ ቀና ብለው፣ «አዩብ ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ የመኪናዬ ሸራ ደርቆ ነው የገባው ብለሃል። ታዲያ መንገድ ላይ መታኝ ያልከው ዝናብ በየት በኩል ገባ?» አሉ። አዩብን ራሱን ሳቅ አመለጠው። ባቄላው እሱው መጋዘን ውስጥ ሳለ መርጠቡን አምኖ ይሄይስን ይቅርታ ጠየቀ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ምን ቀረው!

ሱቅ ውስጥ የሚምታታባቸው ሰው እዚያ እንዴት እንዲህ ሆኑ ብዬ የጎረቤታችንን የእትዬ ሸዋርካብሽን ልጅ ሩታን ጠየቅኳት፤ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ አንጎል ነው። የአንጎል ነርቭ ሴል መልእክት ባስተላለፈ ቁጥር ካልሲየም ይገባበታል፤ ለሚቀጥለው መልእክት ለመዘጋጀት ያንን ጠርጎ ማውጣት አለበት አለችኝ። ሲያረጅ ግን የሚገባው ይበዛል፣ የሚወጣው ይዘገያል፤ ስለዚህ ሴሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ረዘም ያለ እረፍት ይፈልጋል። የአንዱ መኪና ጭነት ከደጅ ሳይነሳ ሌላ መኪና ቢመጣ ምን እንደሚሆን ላንተ አይነገርም። የእርጅና ነገር በዚህ ብቻ አያልቅም ብላለች፣ እኔ ግን የገባኝ ገባኝ። አንተ የላክኸውን የካልሲየም ኪኒን ስነግራት በሳቅ ፍርስ አለች። አንሷቸው አይደለም፣ ሐኪም ሳያዝ አትስጧቸው አለች። አትቀየመኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ለካ ሱቅ ውስጥ ደላላውም ገዢውም ተሸካሚውም ባንዴ ነበር የምንጮህባቸው። አሁን በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። ደላሎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጆንያ አልተሳሳተም። ሱቁን ጠዋት ጠዋት የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው፤ ወራቤን የሚያነሳባቸውም የለም።

ልጄ ሁዛይፋ በጣም ናፍቀኸኛል ብሎሃል። እማማ ዱዓ እያደረጉልህ ነው። ሪሐናን እቀፍልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። አባባም ልጄ ይደውልልኝ ብለዋል። ስትደውል አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸውና ጠብቅ። ዝም ሲሉ መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ እንዳትዘጋው፤ መልሱን ይዘው እየመጡ ነው።

እህትህ ሰኪና
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.