ብሩ ያለው እርሳሱ ውስጥ ነው

ሰኞ፣ የካቲት 4
ሦስት ጠጉር ሠራሁ፤ አንዱን አበላሸሁ። አዲሷ ተከራዬም ገባች፤ ጂኦሎጂስት ናት። አሮጌው የብር ማዕድን ጉድጓድ በሲሚንቶ ይደፈን ወይስ ለጎብኚ ይከፈት፣ አጥንታ ልትናገር ነው የመጣችው። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰበት ጉድጓድ! ሴት ከገባች ማዕድኑ ይሸሻል ብለው አፉ ጋ እንኳ አያስጠጉንም ነበር... አሁን ሴት ትፍረድበት? ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ተከራዬ ጉድጓዱን ስትለካ ሜትር የሚይዝላት ሰው ቀረባት። "እኔስ?" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። እሺ አለች። እሺ!
እህቴ ስትሰማ፣ "አበድሽ?" ቆይታ ደግሞ፣ "ብር ካለ ግን አትርሺኝ።" የሚመነዘረው መሰላት እንዴ?

ዓርብ፣ የካቲት 8
ገባሁ። ገባሁ!
ጠባቡ መተላለፊያ ጋ ዳሌዬ ተቀረቀረ። እሷ ከፊት ትስባለች፣ እኔ እስቃለሁ፤ በሳቅሁ ቁጥር ይብስብኛል። "እትዬ፣ በፈጠረዎት አይሳቁ!" ብላ እሷም ፈነዳች። ጉልበቴ ተልጧል... ምን ቸገረኝ።
ግድግዳውን በባትሪ አሳየችኝ። ድሮ ድሮ ከመሬት ሆድ የፈላ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሽቅብ ወጣ፤ ሲበርድ የያዘውን የእርሳስ ማዕድን እዚያው ጥሎት ቀረ። ግራጫ፣ ጥርብ ጥርብ፣ ብልጭ የሚል።
"ብሩስ?"
"እርሳሱ ውስጥ ነው። በዓይን አይታይም፤ ሲቀልጥ ነው የሚለየው።"
የጥንቶቹ ስንጥቁን እየተከተሉ በመሮ ነው የፈለፈሉት። ለዚህ ነው መንገዱ የሚጣመመው። ጭረቱን በጣቴ ዳሰስኩ። የአባዬ እጅ ይሆን? አይደለም፤ በእሱ ዘመን በድማሚት ነበር አለች። ይሁን። ደስታዬ አልቀነሰም።

ረቡዕ፣ የካቲት 20
ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ። ተከራዬ አስረዳች፦ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ውኃ ወርዷል፣ ዓለቱ ጠንካራ ነው፣ ጠባቡ ይዘጋ፣ ሰፊው ይከፈት። የአባዬ የሥራ ጓደኛ የነበሩት ሽማግሌ ተነሡ። "ሴት ገብታበት ምን ቀረና!"
"ገባሁ እኮ፣ አባባ! አልሸሸም!" አልኩ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ሳቁ።
ይከፈት ተባለ። አስጎብኚ ሲፈለግ ደግሞ... የማን እጅ ቀድሞ ወጣ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14
ጠጉር ቤቱን ዘጋሁ። የራስ ቁሬን ደፋሁ። የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች አስገባሁ፤ ሽማግሌውም አሉበት። መሀል ላይ ጨለማውን እንዲያዩ መብራት አጠፋሁ። የሆነ ሰው እጄን ያዘኝ።
"አባትሽ ጨለማ ይፈራ ነበር፤ ታውቂያለሽ?" አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ። "ጠዋት ጠዋት እጄን እንዲህ ይዞ ነበር የሚገባው።"
አባዬ? ያ ግዙፍ ሰው? እየፈራ፣ ያን ሁሉ ዓመት?
እኔ እኮ ቅንጣት አልፈራሁም።
እጃቸውን ሳልለቅ መብራቱን አበራሁ። "በዚህ በኩል!" አልኩ። ድምፄ ጉድጓዱን ሞላው።