የእማዬ ሃያ ሰባት ደቂቃ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለቤታችን የመጨረሻ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ በብርድ የሚነሣብሽ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ምንም አይደል» ብለሽ አለፍሽው? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ለሠርግ ሽር ጉድ ስትዪ ምግብ እንደምትረሺ ስለማውቅ፣ በልተሽ ነው ወይ ይህን የምታነቢው? ካልበላሽ ደብዳቤውን አስቀምጪና በልተሽ ተመለሺ፤ ወረቀት አይበርድም። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬ ከአፏ በቀር ደኅና ናት። ባለቤቴ ከቀኝ እጇ አመልካች ጣት በቀር ደኅና ናት። የሁለቱንም ምክንያት በቅደም ተከተል አስረዳሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ነርሷ ናት። ነገ ጠዋት ትበራለች። አብሮት በትንሽ ፖስታ የታሸገ ፍላሽ አለ። እማዬ ለሠርግሽ የመረቀችው ምርቃት እዚያ ውስጥ ነው። ጉልበቷ መንገድ አልችል ስላላት «እኔ ካልሄድኩ ፊቴ ይሂድላት» ብላ በስልኬ አስቀረጸችኝ። ሐኪሙ የቀሩትን ዘጠኝ ጥርሶቿን ሰኞ ሊነቅል ስለቀጠረን ቀረጻው የግድ እሑድ ሆነ። አዲሱ ጥርስ የሚደርሰው ከወር በኋላ ነው፤ ሠርግሽ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ። እማዬም ቁርጡን ተናግራለች፤ አማቾችሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ድድ ከሚያዩዋት ጨርሶ ባያዩዋት ትመርጣለች። እንግዲህ ያ ቪዲዮ ከጠፋ ለሠርግሽ ሌላ የለም ማለት ነው።

እሑድ ከቁርስ በኋላ ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን ሳሎን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። የምትናገረውን በሁለት ገጽ ጽፌላታለሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። ስልኩ የምስሉን ጥራት እንድመርጥ ሲጠይቀኝ ከፍተኛውን መረጥኩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማረ ሰው ዝቅተኛውን ሊመርጥ አይችልም። ሃያ ሰባት ደቂቃ ቀረጽን። ልልክልሽ ስሞክር ግን ስልኩ «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ላሳልፈው ወሰንኩ። ኮምፒዩተሩ ጡረታ ስወጣ መምህራኑ የሸለሙኝ ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረም።

ሰኞ እማዬን ከሐኪም ቤት መልሼ ካስተኛኋት በኋላ አዲስ ደብተር ከፈትኩ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ውጤቱም ወዲያው ይጻፋል። ሙከራ አንድ፣ ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘሁ። ስልኩ «ኃይል እየሞላ ነው» አለ። ኮምፒዩተሩ ግን አጠገቡ ስልክ መኖሩንም አላወቀ። ሙከራ ሁለት፣ የሚሰካበትን ቀዳዳ ለወጥኩ። ሙከራ ሦስት፣ ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ። በአራተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ገባና ገመዱ ረዝሞ ነው አለ፤ ክርም ሲረዝም እንዲሁ ይወሳሰባል። እንደማይረዳ ባውቅም ሳይሞከር የተጣለ ሐሳብ እንዳይኖር ገመዱን ጠቅልዬ ሞከርኩ። «ሙከራ አምስት፤ ገመዱ ተጠቅልሎ፤ ውጤት ዜሮ» የሚለውን እፊቱ ጻፍኩት። ትንሽ ከፋው።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «መምህር፣ በሳይንስ አርባ አንድ ሰጥተውኝ ነበር» አለኝ፤ ዛሬም አልረሳውም። ገመዴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና «ይሄ የሚያበላ ገመድ ነው እንጂ የሚያወራ አይደለም» አለ። ለካ አንዳንዱ ገመድ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው፤ መረጃ የሚያልፍበት ሽቦ አልገባለትም። ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው። የራሱን ገመድ አዋሰኝና ስወጣ፣ ይህን ክፍል ውስጥ አስተምረውን ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላስተማርኩም።

አሁን የምጽፍልሽን ለሰው አትንገሪብኝ። አዲሱን ገመድ ስሰካ ስልኩ አንድ ጥያቄ አወጣ፤ «ይህን ኮምፒዩተር ያምኑታል? በስልክዎ ያለውን እንዲያይ ይፈቅዳሉ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት መልስ አለ፤ «ፍቀድ» እና «ከልክል»። እኔ ደግሞ ጥያቄ ሳነብ በቅን ልቦና የምመልስ ሰው ነኝ። ይህ ኮምፒዩተር ባለፈው ዓመት የጡረተኞች ማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ በልቶብኛል። በየትኛው ሥራው ልመነው? «ከልክል» አልኩ። የስልኩ ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ወጣ፤ ስከፍተው ግን ውስጡ ባዶ ነው።

ከዚያ ወዲያ የቀረ ሙከራ የለም። ቀዳዳ ቀያየርኩ። የስልኩን ልባስ አወለቅሁ። የእማዬን ሥራ የፈታ የጥርስ ብሩሽ ወስጄ የስልኩን አፍ ጠረግሁ። በእያንዳንዱ ሙከራ ስልኩ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ መልስ እሰጠዋለሁ። መልሴ እውነት ስለነበር እሱን መለወጥ በሐሳቤ አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት ሙከራ አሥራ አራት ላይ ስደርስ እማዬ አፏን በሻርፕ ሸፍና ከአልጋዋ ተነሥታ መጣች። ያንን ቪዲዮ ሳላይ አልተኛም ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምን እያለህ ነው?» አለችኝ።

«ኮምፒዩተሩን ታምነዋለህ ወይ እያለኝ ነው።»

«አንተስ?»

«አላምነውም።»

ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ቪዲዮ አሳልፍ ተባልክ እንጂ ዋስ ሁነው መች ተባልክ?» አለችና በራሷ ጣት «ፍቀድ» የሚለውን ተጫነችው። የስልኩ ሆድ ዕቃ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ዝርግፍ አለ። ደብተሩ ላይ «ሙከራ አሥራ አምስት፤ በእማዬ» ብዬ ጻፍኩ።

መቅዳት ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ስልኩ ለካ ለአንድ ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ይቆልፋል፣ ሲቆለፍም መስጠቱን ያቆማል። ባለቤቴን ጠርቼ በየአርባ ሰከንዱ የስልኩን መስተዋት እንድትነካልኝ ለመንኳት። እኔ ቁጥሩን መከታተልና መመዝገብ ነበረብኝ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሽንኩርቷን ትታ አጠገቡ ተቀምጣ እንደሚያለቅስ ሕፃን ነካ ነካ ስታደርገው ቆየች። «ስታገባኝ ይህን ሥራ አልነገርከኝም» አለችኝ። ጣቷን የሚያማት በዚህ ነው። በኋላ ጠጋኙ ስልኩ እንዳይቆለፍ አስቀድሞ ማስተካከል እንደሚቻል ነግሮኛል። ለእሷ ገና አልነገርኳትምና ስትደውዪላት እባክሽ አታንሺባት።

ተቀድቶ አለቀ። ስከፍተው የእማዬ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። እማዬ ከኋላዬ «ታዲያ ጥርሴን ማን ያየዋል?» አለች። ጠጋኙን ደውዬ አስመጣሁት። ኮምፒዩተሩ ያረጀ ስለሆነ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ማንበብ አያውቅም አለና ሌላ ማጫወቻ ጫነበት። ያኔ እማዬ ከነዘጠኝ ጥርሷ ብቅ አለች። ጠጋኙ ዕቃውን እየሰበሰበ «መምህር፣ ጥራቱን ዝቅ ቢያደርጉት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አንዳንዴ አርባ አንድም ይበቃል» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት የቀረው ፍላሹ ብቻ ነበር። ፍላሹ የነርሷ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይይዛል፣ ከጥቂት የትምህርት ማስረጃዎቿ በቀር ባዶ ነው። ቪዲዮው ዘጠኝ ጊጋ ነው። ሒሳቡ ለሁለተኛ ክፍል ልጅም ግልጽ ነው፤ ፍላሹ ግን «በጣም ትልቅ ነው» አለኝ። ጠጋኙን በስልክ ጠየቅኩት። ፍላሹ በድሮ አሠራር የተዘጋጀ ስለሆነ ቦታ ቢኖረውም ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም አለኝ። ወይ ተጠርጎ እንደገና ይዘጋጅ፣ ወይ ቪዲዮው ይቆረጥ። የሰው ማስረጃ አልጠርግም። እንዴት እንደሚቆረጥ አስረዳኝና የት የት ላይ ልቁረጠው እያልኩ ሃያ ሰባቱንም ደቂቃ ደብተር ይዤ አየሁት።

እሑድ ዕለት እየቀረጽን ሳለ የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና በግድግዳው በኩል ይጮኽ ነበር። እማዬ ሁለተኛውን ገጽ ስትጀምር ዝም እንዲያሰኝልኝ ልለምነው ወጣሁ። ስልኩን አላቆምኩትም። ስመለስ ወረቀቷን ይዛ እንደነበረች ተቀምጣለች፣ እኔም ካቆመችበት አስቀጠልኳት። ዛሬ ነው ያየሁት። በሩ እንደተዘጋ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ሄዷል፤ አሁን ልንገርሽ» ብላ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ተናግራለች። የተናገረችው ያንቺ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። እኔን የሚመለከተውን አንዱን ብቻ ልጻፍልሽ። «ባልሽ ሲሳሳት ቶሎ ቶሎ አታርሚው፤ እኔ አንድ አራሚ ወልጄ ስንት ዓመት ችያለሁ» ትላለች። ከዚያ ሳቀች። ሁሉም ጥርሶቿ የታዩት ያኔ ብቻ ነው፤ የእኔን ወረቀት ስታነብ አንድም ጊዜ አልሳቀችም። ቀጥላም አባታችን ካለፈ ጀምሮ እንዳሳደግሁሽ፣ በዚህ ጋብቻ ከማንም ይልቅ ደስ ያለኝ እኔ እንደሆንኩ፣ ግን አፌ እንደማይፈታልኝ ነገረችሽ።

የእኔ ሁለት ገጽ ስህተት የለበትም፤ ደግሜ አይቼዋለሁ። ግን ቆረጥኩት። ፍላሹ ላይ የምታገኚው ሁለቱን ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ብቻ ነው። ጠጋኙ፣ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ እኮ እሑድ ዕለት በስልክ ይሄድልዎት ነበር አለኝ። ይሄድ እንደነበር እኔም አውቄያለሁ። በስልክ ብልክልሽ ግን ሥራ ቦታሽ በችኮላ ትከፍቺዋለሽ፤ እማዬ ደግሞ ለሠርግሽ ዕለት ነው ያለችው። ስለዚህ በእጅ ይድረስሽ። መሥራቱን ለማረጋገጥ ቀደም ብለሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰከንዶች ሞክሪ፣ ከዚያ አቁሚው። እንቢ ካለሽ ወዲያው ደውዪልኝ፤ ሦስት ቅጂ አለኝ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ፍላሹን እሱ ይክፈተው፣ እጁ ካንቺ ይረጋል። ለአማትሽ የአክብሮት ሰላምታ ይድረሳቸው፤ እማዬ ስትስቅ እንዲያዩአት ፊት ወንበር ላይ አስቀምጪያቸው። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽም ሰላም በዪልኝ። እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፣ አፏን ሸፍና። ባለቤቴ በግራ እጇ ታቅፍሻለች። ልብስ ሰፊው እንኳን ደስ አለሽ ይልሻል፤ መኪናው ስለጮኸ ይቅርታ እንድልሽ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ግን አመስግኜዋለሁ።

እኔም ደስ ብሎኛል፤ በጣም። አፌ ካልፈታው እጄ ጽፎታል።

ታላቅ ወንድምሽ

ከሳሎናችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን