ሌሊሴ ያልጠራችው ስም

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬ ዘጠኝ ሴት መጣ። ንፋሱ በር ይገነጥላል፤ ሱሉልታ ነዋ። ጋቢ ለጋቢ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሩትን ባለፈው ጨርሰናል፣ ዛሬ ዮሴፍን ጀመርን። ሥራችንን ታውቀዋለህ ደብተሬ። ሌሊሴ በአማርኛ ታነባለች፣ ወዲያው በኦሮምኛ ትደግመዋለች፣ እኔ አስረዳለሁ። እኔማ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ፣ አንድ መስመር እስካነብ ድንች ይበስላል። ከሴቶቹ ደግሞ ግማሹ አማርኛ አይሰማም። እሷ ባትኖር ምን መሪ ነኝ? አንዲት ጎጃሜ አሮጊት።

ጥሩ ስታነብ ቆይታ ዮሴፍ የሚለው ጋ ዝም። ዘለለችው። ተመለሺ አልኳት። አሁንም ዘለለችው። አስረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ! ዮ-ሴ-ፍ በይ ብዬ እንደ ሕፃን ፊደል አስቆጠርኳት። ዝም። ያኔ ይቺ ምላሴ! “መ/ቅዱስ ላይ ያለ ስም መጥራት ያሳፈረሽ፣ ሰው ፊት ምን ልትመሰክሪ ነው?” አልኳት። የባሏ እናት አዴ ጫልቱ እዚያው አጠገቧ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌሊሴ መጽሐፉን ዘግታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ወጣች። አዴ ጫልቱም ተከተለቻት።

ኩርፊያ ነው። ያልፋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁለት ሰው። ሁለት! ድንች ሻጯ ብርቄና አንዲት እግሯን የሚያማት እናት፣ እሷም ለጸሎት ነው የመጣችው። እኔ አነበብኩ፣ ብርቄ ወደ ኦሮ. መለሰችው። እኔ ያን ሁሉ ስናገር የእሷ ሦስት ቃል! ቀሪውን የት ጣልሽው ብላት፣ ዋናው ይበቃል እማማ አለችኝ።

ሴቶቹ የት ገቡ ስላት አንገቷን ደፋች። ኋላ መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። የሌሊሴ ባል አባት ኦቦ ዮሴፍ ይባሉ ነበር። ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ አገር ወግ ግን ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ በሕይወት ቢኖሩም ቢሞቱም። ሚስትም የባሏን አትጠራም። እኔ ደግሞ አማቷ ፊት፣ በግድ! አሁን ሰፈሩ ሁሉ ጎጃሜዋ ምራቶቻችንን ባለጌ ልታደርግ ነው ይላል አለችኝ።

ራት አልበላሁም። እኔ እኮ አርባ ዓመት ባሌን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ፊቱ ስሆን “አንቱ”፣ ሲወጣ “ሰውየው”። ታዲያ እንዴት ጠፋኝ? የራሴን ክብር ብዬ የእነሱን እፍረት አደረግኩት። አይ እኔ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሄድኩ፣ ብርቄን ይዤ። ባጃጁ መንገዱ አላስኬደው ብሎ ከታጨደው ማሳ ዳር ጣለን።

አዴ ጫልቱ ደጃፍ ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍላለች። ቀና ሳትል “ገላ” አለች። ግቡ ማለት ነው፣ እሷ ግን ሂዱልኝ አስመሰለችው። መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁትን ንግግር ለቀቅሁት። ብርቄ ትተረጉማለች። አዴ ጫልቱ አንድ ነገር አለች፣ ብርቄ ሳቋን መያዝ አቃታት። “እማማ፣ ይቅርታም እንዲህ ይረዝማል ወይ ነው የምትለው።”

ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ዝም! ወረድ ብዬ መሬት ተቀምጬ ባቄላ መፈልፈል ጀመርኩ። ኋላ አንዲት ነገር ብቻ አልኩ፦ እኔም ሰውየዬን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ብርቄ ስትነግራት እጇ ቆመ። አየችኝ። ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪው ብላ አስጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳቀች። አንድ ጥርስ የላትም፣ እኔም የለኝም።

ሌሊሴ እርጎ ይዛ ወጣች፣ ጉልበቴን ሳመች። አለቀስኩ እንዴ? አለቀስኩ። መምጣቱን እመጣለሁ፣ ማንበብም እወዳለሁ፣ ግን እማማ፣ ስሙ በየመስመሩ አለ፣ ምን ላርግ አለችኝ። ቃሉን ዝለይው አልላት። ጥሪው አልላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ ማታ 1 ሰዓት

ዛሬ ተጣድፌ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሠኝ።

ሰባት ሆኑ። ሌሊሴና አዴ ጫልቱ መጨረሻ ገቡ፣ በሩ ጋ ተቀመጡ። መጽሐፉን ሰጠኋት። አነበበች፣ አነበበች፣ ስሙ ጋ ቆመች። ሳላስበው እኔ “ዮሴፍ” አልኩላት። ቀጠለች። ደግሞ ስትቆም ብርቄም ከእኔ ጋር አለች። ሦስተኛው ላይ ሁላቸውም፣ እግሯን የሚያማትም ሳትቀር። ሌሊሴ ትቆማለች፣ እኛ እንጠራላታለን፣ ትቀጥላለች። አንድም ቃል አልተዘለለ። ስሙ ላይ ሌሊሴና አዴ ጫልቱ ብቻ አፋቸውን አልከፈቱም።

አዴ ጫልቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ደነገጥኩ። ዳግም በደልኩ? ሌሊሴ ጠጋ ብላ ነገረችኝ፦ አማቷ ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም ሰው በክብር ጮክ ብሎ ሲጠራው አልሰማችም። ልጆቹ አባዬ ነው የሚሉት፣ ጎረቤት እሷ ፊት አይደፍርም።

ሲወጡ አዴ ጫልቱ እጄን ይዛ ራሷ በአማርኛ ጠየቀችኝ፦ “የሱ ታሪክ ስንት ቀረ?”

ገና ነው፣ ከአሥር ምዕ. በላይ አለ አልኳት። ፊቷ በራ።

ወስኛለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ እስከ ገና ጨርሱት ብሎን ነበር። አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት ግማሽ ምዕ. ብቻ።